ራስ የማይሸነፉበት ሰንጠረዥ

እ.ኤ.አ. በ1805 ሄንሪ ሳልት የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ እንደርታ ውስጥ፣ አንጣሎ ከሚገኘው የራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ደረሰ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር የተቀመጠው ንጉሠ ነገሥት ስም እንጂ ጉልበት የለውም፤ አገሩን የሚያሽከረክሩት እንደ ትግራዩ ገዥ እንደ ራስ ወልደ ሥላሴ ያሉ መኳንንት ናቸው። ሳልት በዚያ ግቢ ያየውን አንድ ጨዋታ በማስታወሻው አስፍሮታል። ራስ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ናቸው። የባላጋራውን ጠጠር የሚበላ ሰው ቀስ ብሎ አያነሳውም፤ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። ዙሪያውን የከበበው ሁሉ ይጮኻል። ባሪያው ሳይቀር አስተያየት ይሰጣል፤ እጁን ሰዶ ጠጠር እየነካ የተሻለ የመሰለውን ያሳያል።

ሞቅ ያለ፣ ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ሳልት ታሪኩን የሚዘጋው ግን በአንዲት ትንሽ ትዝብት ነው፦ በዙሪያው ያሉት ሰዎች በብልሃት፣ ሳያስነቁ፣ ራስ እያንዳንዱን ጨዋታ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

እኔ የምኖረው ጎንደር ነው። ማታ ማታ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲፈቅዱ፣ ስልኬ ላይ ቼስ እጫወታለሁ። የሳልትን ትዝብት ካነበብኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ራስ ወልደ ሥላሴ እስኪሞቱ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1816፣ ሰንጠረዥ ቢጫወቱ ጨዋታቸው ይሻሻል ነበር? ቼስ የጀመረ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው የምሻሻለው?» ብሎ ይጠይቃል። ከመልሱ ግማሹ እዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

(ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጨዋታው የተረፈው ቃል

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንባል የሚታየን የሒሳብ ደብተር ላይ በመስመር የተከፋፈለው ሣጥን ነው። ወይ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ። ቃሉ ግን መጀመሪያ የጨዋታ ስም ነው። ሕንዶች «ቻቱራንጋ» አሉት፤ አራት ክፍል ያለው ጦር ማለት ነው፦ ዝሆን፣ ፈረሰኛ፣ ሰረገላና እግረኛ። ፋርሶች «ቻትራንግ»፣ ዐረቦች «ሸጥረንጅ» አሉት፤ እኛ ጋ ሲደርስ ሰንጠረዥ ሆነ። ጨዋታው ሲጠፋ ቃሉ ሣጥኑን ይዞ ቀረ።

ሰንጠረዥ የቤተ መንግሥት ጨዋታ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቢቺኒ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ይጫወት እንደነበር ተጽፏል። ለእኛ ቀረብ ያለችው ምስክር ደግሞ ከሰሜን ተራሮች ቤተሰብ ትወለዳለች። የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የወንድም ልጅ የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ዐድዋን ስናነሳ የምናስታውሳቸው ሴት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ሲያስቡ በዓይነ ኅሊና ማየት አይከብድም።

ሕጉ ዛሬ በስልካችን ከምንጫወተው ቼስ ይለያል። አውሮፓ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ትልቅ ለውጥ መጣ፤ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ደካማ ጠጠር ሰሌዳውን ሙሉ የምታካልል ንግሥት ሆነ። እኛ ጋ ግን ያ ጠጠር በድሮ ስሙ «ፈርዝ» ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ በሰያፍ ብቻ እየሄደ ኖረ። ቢሾፕ የምንለው «ፊል» ነበር፤ ዝሆን ማለት ነው፤ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ሣጥን ይዘላል። ፈረስ ያው ፈረስ ነው። እግረኛው «መደቅ» ይባላል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በሌላ ቀለም ጥብጣብ 64 ሣጥን የተሰመረበት ነው። ተጠቅልሎ በአጋሰስ ይጫናል፤ ዘመቻም ይወርዳል።

ወረራ

የሰንጠረዥን ሕግ ከነገሩን ሰዎች አንዱ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ከራስ ዐሊም ከዐፄ ቴዎድሮስም ጋር ተወዳጅቶ፣ በመጨረሻ በ1860 ከጎንደር ወጥቶ ወደ ምጽዋ ለመውረድ ሲነሳ ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ በዐመፀኞች ተወጋ። የጎንደር ነጋዴዎች ቤዛ ከፍለው አስለቀቁት፤ ከቁስሉ ግን አልዳነም፤ እዚሁ ሞተ። ጽሑፉን ወንድሙ በ1868 አሳተመለት። እኔ ዛሬ ቼስ የምጫወትባት ከተማ የሰንጠረዥን ሕግ ከመዘገቡት ሰዎች አንዱ የሞተባት ከተማ ናት።

ከሕጉ ሁሉ የሚያስደንቀው አጀማመሩ ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። «አንተ ተጫወት፣ ከዚያ እኔ» የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንደፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ጊዜ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው።

ይህን ለዛሬ ጀማሪ ሲነግሩት ይስቃል፤ ቁምነገር ግን አለው። በወረራ ጊዜ የሚሸመደድ ነገር የለም። ዓይንህን ከባላጋራህ ላይ ማንሳት አትችልም፤ እሱ ፈረሱን ሲያዞር አንተ መደቅህን ታስጠጋለህ፤ ሐሳቡን ሲቀይር ሐሳብህን ትቀይራለህ። ጨዋታው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ማየትን ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ የዛሬውን ጀማሪ እንየው። ቼስ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ዩቲዩብ ከፍቶ «በ10 እንቅስቃሴ የሚያሸንፍ ኦፕኒንግ» ይፈልጋል። የሲሲሊያን መከላከያን አሥራ ሁለት እንቅስቃሴ ይሸመድዳል። ባላጋራው ሦስተኛው ላይ ከመጽሐፉ ይወጣል። በቃ፣ ሽምደዳው አለቀ፤ አራተኛው ላይ ፈረሱን በነፃ ይሰጣል። ቦቢ ፊሸር ራሱ በዚህ ሽምደዳ ተማርሮ በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ የኋላ መደዳ ጠጠሮች በዕጣ የሚደረደሩበትን፣ 960 ዓይነት አነሳስ ያለውን ቼስ ይፋ አደረገ። ዛሬ ታላላቆቹ ሳይቀሩ ይወዳደሩበታል። የእኛ ሰዎች ፊሸርን የተፈታተነውን ችግር ጨርሶ ሳይፈጠር ነው የዘጉት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ከወረራ የተወሰደ ነው። ከ1,500 በታች ያላችሁ፣ ኦፕኒንግ አትሸምድዱ። መሀሉን ያዙ፣ ፈረስና ቢሾፕ አውጡ፣ ንጉሡን ደብቁ፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በፊት «አሁን ያደረገው ነገር ምን ያስፈራራል?» በሉ። በዚህ ደረጃ ብዙውን ጨዋታ የሚወስነው በነፃ የተሰጠ ጠጠር ነው።

ክብር ያለው አገዳደል

ሌላም አለ። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የተጓዦቹን ማስታወሻ ከአገር ሰዎች ትዝታ ጋር አስተያይቶ የሰንጠረዥን ወግ አሰባስቧል። አገዳደሉ ሁሉ እኩል አይከበርም። በግንቡ ወይም በፈረሱ መግደል ተራ ነገር ነው። በፊል ወይም በፈርዝ የገደለ ይመሰገናል። በመደቅ፣ በተራ እግረኛ፣ ንጉሥ የያዘ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ብቻውን የቀረን ንጉሥ ደግሞ መግደል አይቻልም፤ ስለዚህ የተበላውን ሁሉ ከመብላት በፊት አጨራረሱን ማሰብ ግድ ነው።

ኦንላይን የሚጫወት ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። ባላጋራው ንጉሡ ብቻ ቀርቶታል፤ እሱ ሦስት ንግሥት አውጥቷል፤ ሁሉን በልቶ ሲያበቃ ንጉሡ የሚረግጥበት ቦታ ጠፍቶ ስቴልሜት፣ ግማሽ ነጥብ! ስግብግብነት የሚቀጣበት ሕግ ዛሬም አለ። የአጨራረስ ልምምድ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን በንጉሥና በሩክ መግደልን፣ አንድን እግረኛ በንጉሥ ታጅቦ ማስገባትን የሚያውቅ ጀማሪ ከብዙ እኩዮቹ ይቀድማል። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ከኸሊፋው ፊት

ወደ ራስ ግቢ ልመለስና ከሌላ ግቢ ጋር ላስተያየው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በባግዳድ፣ ኸሊፋ አል-ሙክተፊ አል-ማዋርዲ የሚባል የሚወዱት ተጫዋች ነበራቸው። አስ-ሱሊ የሚባል አዲስ ሰው መጣ፤ ሁለቱ በኸሊፋው ፊት ተገጣጠሙ። ኸሊፋው ለራሳቸው ሰው በግልጽ ወገኑ፤ አስ-ሱሊ መጀመሪያ ደንገጥ አለ። ቀጥሎ ተረጋጋና የኸሊፋውን ሰው ጥርት አድርጎ አሸነፈው። ኸሊፋውም ያዩትን ተቀበሉ፤ ሞገሳቸው ወደ አሸናፊው ዞረ።

የሁለቱን ግቢ ልዩነት እዩት። ባግዳድ ውስጥ ጌታው እያየ የጌታው ሰው መሸነፍ ይችል ነበር። ተጫዋቾች በችሎታ ተመድበው፣ ከላይኞቹ መደብ ያሉት «ዓሊያት» ይባሉ ነበር፤ አሁን ሬቲንግ የምንለው ነገር ቅድመ አያት ማለት ነው። ደግሞም ይጽፉ ነበር። አስ-ሱሊ የተወው አንድ እንቆቅልሽ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያዊው ዩሪ አቬርባክ መፍትሔውን አቀረበለት። በተሸነፈና በተጻፈ ነገር ላይ ነው እውቀት የሚቆመው።

ራስ ወልደ ሥላሴን ለመውቀስ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት ጌታን ማሸነፍ ሊያስከትል የሚችለውን ማንም ያውቃል። ደግሞ ሕዝቡ ይህን በሽታ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ መድኃኒት አበጅቶለታል፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለው ለዚህ ነው። በዓመት አንድ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ላይ በዱላ ሩር ይማታሉ። ሰንጠረዥ ግን የአዳራሽ ጨዋታ ስለሆነ ያ ነፃነት አልደረሰውም።

ጎንደር ከተማ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት አላት። የአቋቋም ተማሪ ከየአገሩ ተነስቶ በዓታ የሚመጣው «ለማስመስከር» ነው። ከመምህሩ ፊት ቆሞ የተማረውን ያሰማል፤ ከሳተ ይታረማል፤ ካልበቃ ተመልሶ ይቀጽላል። የባላባት ልጅ ነው ተብሎ ዜማው አይታለፍለትም። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ስሕተት የሚደበቅበት አዳራሽና ስሕተት የሚነገርበት ጉባኤ ጎን ለጎን ኖረዋል። የአቋቋሙ ትምህርት ዛሬም ይሰማል።

ቁጥሩ የሚለው

ኦንላይን ቼስ የትኛውን ይመስላል? እንደ አጠቃቀማችን ነው።

አርፓድ ኤሎ ሃንጋሪ የተወለደ፣ አሜሪካ ውስጥ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው። የሠራውን ሬቲንግ ዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበለው፤ ሊቼስና ቼስ ዶት ኮም የሚሠሩት ከእሱ በተወለደ ስሌት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በ200 ነጥብ የሚበልጥህ ሰው ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ ያህል ይወስዳል፤ በ400 የሚበልጥህ 91 ያህል። ከእኩያህ ጋር ስትገናኝ ግን ግማሽ በግማሽ ነው። መተግበሪያው ደግሞ የሚያገናኝህ ከእኩያህ ጋር ነው። ማለትም ከጨዋታዎችህ ግማሽ ያህሉን መሸነፍህ ሥርዓቱ በትክክል እየሠራ ነው ማለት ነው። ብትሻሻል እንኳ ይበልጥ ጠንካራ ሰው ያመጣልሃል፤ መልሰህ ግማሹን ትሸነፋለህ። የትኛውም አሽከር የማይችለውን ያደርጋል፤ ራስ መሆንህን አያውቅም።

ግን አሽከር መቅጠር እንችላለን፤ ብዙዎቻችንም እንቀጥራለን። ደካማ ቦት መርጠን አሥር ጊዜ ማሸነፍ፣ እሱ አንድ አሽከር ነው። እንቅስቃሴ መመለሻዋን ቁልፍ እየተጫኑ መጫወት፣ ሁለተኛው አሽከር። ሬቲንግ ሲወርድ አዲስ አካውንት መክፈት፣ ሦስተኛው። ከሁሉ የሚያታልለው አራተኛው ነው፦ ተሸንፈን ወዲያው «እንደገና» የሚለውን ተጭነን፣ የተሸነፍንበትን ጨዋታ ሳናየው መቅበር። ራስ የሚለው ቃል ማዕረግም ነው፣ «እኔ» ማለትም ነው፤ ሁለቱም ሲሸነፉ አይወዱም።

የምመክረው ነገር አጭር ነው። አንደኛ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ያለው ጨዋታ ተጫወቱ፤ የአንድ ደቂቃው ጣት ያፈጥናል እንጂ ዓይን አይከፍትም። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ጥቂት እንቆቅልሽ ፍቱ፤ ሳትገምቱ፣ እስከ መጨረሻው እንቅስቃሴ አይታችሁ። በ1973 ቼዝና ሳይመን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቀማመጥ ለ5 ሰከንድ አሳይተው ተጫዋቾችን ከትዝታቸው እንዲደረድሩ ጠየቁ። ሊቁ አብዛኛውን መለሰ፤ ጀማሪው ጥቂት ብቻ። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የሊቁ ብልጫ ጠፋ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሊቁን የሚለየው የተለየ አእምሮ ሳይሆን ብዙ ጊዜ አይቶ ያወቃቸው ቅርጾች ናቸው፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ቃሉን በአንድ ዓይን እንደሚያነበው ማለት ነው። እንቆቅልሽ ያንን ፊደል ያስቆጥራል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ ክፈቱ። ኮምፒውተሩን ከማብራታችሁ በፊት በራሳችሁ ዓይን «ከየት ጀምሮ ነው የተበላሸው?» ብላችሁ አንድ እንቅስቃሴ ምረጡ፤ በአንድ መስመር ጻፉት። ከዚያ ስቶክፊሽን ጠይቁ። እኔ እንዲህ የምጽፍበት አንድ ሃያ ቅጠል ደብተር አለኝ። ከአርባ ጨዋታ በኋላ መለስ ብዬ ስቆጥር ከግማሽ በላዩ አንድ ዓይነት ነገር ነበር፦ የባላጋራ ቢሾፕ ከሩቅ ማዕዘን ሆኖ የሚያየውን መስመር አለማየት። ለሁለት ሳምንት የፈታሁት የዚያን ዓይነት እንቆቅልሽ ብቻ ነው። ሊቼስ ላይ ለወራት 1,300 አካባቢ የቆመው ቁጥሬ የተነቃነቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ኔትወርክ የሌለበት ወራት

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነቱ ሲነሳ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ ከባድ የነበረው ነገር ቼስ አልነበረም፤ ይህን ጎንደር ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ከሰፈራችን ልጆች ጋር በካርቶን ላይ ሰሌዳ አስምረን፣ የለስላሳ ቆርኪ ላይ የጠጠሮቹን ስም ጽፈን ተጫወትን። ሬቲንግ የለም፤ ስቶክፊሽ የለም፤ ዙሪያውን ቆሞ የሚጮኽ ግን ሞልቷል። ልክ እንደ አንጣሎ። ልዩነቱ ማንም ለማንም አለመልቀቁ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ታላቅ ወንድሙን ሲያሸንፍ ታላቅየው «ከየት ነው የሳትኩት? መልሰው እስቲ» ይል ነበር፤ ጠጠሩም ተመልሶ ይደረደር ነበር። ከዚያ ቡድን ሁለቱ ዛሬ እኔን በቀላሉ ያሸንፉኛል።

ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ፓንክኸርስት እንደጻፈው ከ1930ዎቹ የጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፋ። ይጫወተው የነበረው የመኳንንት ወገን በጦርነት አለቀ፣ ተሰደደ፣ ኑሮው ተለወጠ። ከአዳራሽ ወደ ሰፈር ያልወረደ ጨዋታ አዳራሹ ሲፈርስ መውደቂያ አጣ። ተራ የሌለው ወረራ በእንቅስቃሴ ቁጥር ለመመዝገብም አይመችም። ሕጉ በተጓዥ ማስታወሻና በጥቂት አዛውንት ትዝታ ተረፈ፤ የእቴጌ ጣይቱ አንዲት ጥሩ ጨዋታ ግን፣ ወይም ራስ ወልደ ሥላሴ አንድ ቀን እንኳ መሸነፍ የነበረባቸው ጨዋታ፣ ዛሬ ከፍተን የምናየው አይደለም።

የእናንተ ጨዋታዎች ግን ሁሉም ተቀምጠዋል። ስልካችሁ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሸነፋችሁበት እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከነሰዓቱ ተመዝግቧል። ዛሬ ማታ አዲስ ጨዋታ ከመጀመራችሁ በፊት ትናንት የተሸነፋችሁበትን አንዱን ክፈቱና እስከ መጨረሻው ተመልከቱት።